ስምንት ላይ ደርሼ ነበር

የዛፍ ሙጫ በሸተተኝ ቁጥር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ደብረ ታቦር ያደግን ሁሉ የየራሳችን ሽታ አለን፤ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ፣ ከገበያ የገባ ሰው ጋቢ፣ አዲስ ደብተር። የኔ ግን ሙጫ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የነበሩት አያ ይርጋ የማሲንቋቸውን ጭራ የሚያሹበት ሙጫ።

አያ ይርጋ ከአዝማሪ ቤት የተወለዱ ናቸው። በወጣትነታቸው ኪነት ቡድን ገብተው ትያትር ሠርተዋል፤ ቡድኑ ሲበተን ማሲንቋቸውን ይዘው ወደ ጠጅ ቤት ተመለሱ። እዚያ ጠጪው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ እሳቸው ቃል ሳያጎድሉ ተቀብለው ያዜማሉ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ደጃቸው ላይ ቆሜ «ተቀበል!» እላቸው ነበር። ትልቅ ሰው አንቱ ነው የሚባለው፤ ለዚች ቃል ግን «ተቀበሉ» አይባልም፣ እሳቸውም አይቀየሙም።

እናቴ ሽሮውን ዶሮ ወጥ ነው አለች፣
ዶሮዋ ደጅ ቆማ ትስቅባታለች።

አያ ይርጋ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቺን የመሰለች ዓይን አውጣ ግጥም በሚያምር ዜማ ሲመልሷት ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። እናቴ ከጓዳ ብቅ ትላለች። «አንች፣ ገመናችንን ለአዝማሪ ትሰጫለሽ?»

«እመይቴ፣ እኔ ምን አረግሁ?» ይላሉ እሳቸው። «የሰጡኝን ነው የተቀበልሁ።»

ሳቁ ሲያልፍ ግን ሙጫቸውን እያሹ ሌላ ነገር ይናገሩ ነበር። «አዝማሪ አፉን ያከራያል፣ ተዋናይ ገላውን ያከራያል» ይሉኛል። «እኔ ሁለቱንም አከራይቼ ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ የራሴ ቤት ልግባ።» ያኔ የቤት ኪራይ ስላስመረራቸው መስሎኝ አዝንላቸው ነበር።

የራሳቸው ቤት ያሉት ድራማ ነበር። ለትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል የጻፉት፣ የሃያ ደቂቃ ድራማ። አንዲት ሙሽራ አዝማሪ አባቷን «አባዬ፣ ለሠርጌ ማሲንቆህን ትተህ ና» ትለዋለች። አባትየው ይመልስላታል፤ በዚያው ያልቃል። ሙሽራዋ እኔ፣ አባትየው እሳቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ሲቀበሉ ኖረው፣ የራሳቸውን ቃል ከተማው ፊት የሚናገሩባት አንዲት ቀን ያቺ ነበረች።

ልምምዱ ደጃቸው ላይ ነበር። ሳለቅስ «ይኼ ለቅሶ ነው ወይስ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነው?» ይሉኛል። ስቸኩል ደግሞ «አንች ልጅ፣ ዝምታም እኮ ቃል ነው፤ አትዋጭው» ይላሉ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን ማሲንቋቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ። «እዚህ ላይ መልሴ አለ። እሱን ያን ዕለት ትሰሚዋለሽ። ዛሬ ከሰማሽው ያን ዕለት ፊትሽ ይዋሻል።» ወረቀት ላይም አላሰፈሩትም።

ቀኑ ሰኔ ላይ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። የእናቴን ነጠላ እንደ ሙሽራ ተከናንቤ የድርሻዬን አንድም ሳልሳሳት ተወጣሁ። ሰው ዝም ብሎ ያያል። መጨረሻው ደረሰ፤ «አባዬ፣ ለሠርጌ ማሲንቆህን ትተህ ና» አልሁ።

አያ ይርጋ ዝም አሉ።

አዩኝ፤ ማሲንቋቸውን አዩት። አሁንም ዝም። ከኋላ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ረሱት፣ በሰው ፊት ሊዋረዱ ነው አልሁ በልቤ። ቃል ጠፍቷቸው ያውቃል ወይ? ደጃቸው ላይ ሁልጊዜ አፋቸውን የምታስከፍት አንዲት ቃል ነበረች። በሙሉ ድምፄ «ተቀበል!» አልሁ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ከመሃል አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ «እውነቷን ነው፣ ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ወረወረ። ሌላው ቀጠለ። አንዱ ለአገሩ ለፋርጣ፣ አንዱ ለጋይንት፣ አንዱ ለከዳችው ፍቅረኛው። አያ ይርጋ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝና ጭራውን ክሩ ላይ አሳረፉ። ሁሉንም ተቀበሉ፤ ሰዉም መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባራቸው ላይ ብር ለጠፈላቸው፣ ትከሻውን ነቀነቀላቸው። ከተማው እስከ ዛሬ ያን የወላጆች በዓል «እንዴት ያለ ደስ የሚል ነበር!» እያለ ያነሣዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ማሲንቋቸውን በጋቢያቸው ከዝናብ ሸፍነው ከፊቴ ይሄዱ ነበር።

«አያ ይርጋ፣ ረስተውት መስሎኝ ነው» አልኋቸው።

«አልረሳሁም» አሉ ሳይዞሩ። «እስከ አሥር እየቆጠርሁ ነበር። ስምንት ላይ ደርሼ ነበር።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መልሱን ንገሩኝ ብዬ ብለምናቸው «ቀኑ አለፈ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ድራማ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም፤ ዓመት ሳይሞላ ይፋግ ወዳለችው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሄዱ።

አሁን ሁለተኛ ደረጃ ደርሻለሁ፤ ዘንድሮ የአማርኛ አስተማሪያችን ጽሑፌን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ደስታውን እንዴት ልንገራችሁ፣ ያየሁት ሁሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይመጣልኛል። ያንን ድራማም ከትዝታዬ አውጥቼ ጻፍሁት፤ ከመጨረሻው መልስ በቀር ሁሉንም። እሱን ለመሙላት ሦስት ሌሊት ሞክሬ የጻፍሁት ሁሉ የኔ ሆነብኝ፣ የሳቸው አልሆን አለኝ። ደብተሬን ይዤ ይፋግ ወረድሁ።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማሲንቆው የለም፤ ሙጫም አይሸትም። የእህታቸው ልጅ «ሰው መለየት ትተዋል፣ እንዳትቀየሚያቸው» አለችኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁላቸው። እንደ ጥሩ ልጅ ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። «አባዬ፣ ለሠርጌ ማሲንቆህን ትተህ ና» የሚለው ላይ ስደርስ ደብተሩን አጠፍሁና በልቤ መቁጠር ጀመርሁ። ስምንትን አለፍሁ። አሥርን አለፍሁ። ሃያ ላይ አያ ይርጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ተላቀቀ።

«አባዬ፣ ለሠርጌ ማሲንቆህን ትተህ ና» አሉ በዜማ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ።

ያኔ ሁለት ቁጥር መታገሥ አቅቶኝ ነበር። አሁን እስከ ፈለጉት ድረስ መቁጠር እችላለሁ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ግን የለም።