ድገሚልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ከሜሮን ጋር ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጠን ነበር። ድሮ የማውቀው ኬክ ቤት አይደለም፤ ያ ከነሰፈሩ ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አስፋልቱ ያበራል፣ እኔም በገዛ ሰፈሬ መንገድ ጠያቂ ሆኛለሁ። የሜሮን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በቅርቡ መጥቷል። አልፋለች፤ የምትመኘውን ሕክምና ለመማር ግን ውጤቷ አይበቃም። አንድ የግል ኮሌጅ ደግሞ ቀድመው ለሚመጡ ምዝገባ ከፍቷል። እዚያ ልግባ ወይስ ዓመት ጠብቄ ፈተናውን ልድገም እያለች ማኪያቶዋን ታማስላለች።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ባዶ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አስተናጋጇን ጠራት።

«እሙዬ፣ ድገሚልኝ!»

ሰውየው የጠየቀው ሌላ ማኪያቶ ነው። እኔ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩት። ይህች ቃል ባገኘችኝ ቦታ ሁሉ ታስደነግጠኛለች። ከአርባ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ አልለመድኳትም።

ያኔ የምንኖረው አፍንጮ በር ነበር። አባቴ ፒያሳ ውስጥ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ ከአንድ ወርቅ ቤት ጎን ከቁም ሣጥን የማይሰፋ ሱቅ ነበረቻቸው። የሰው ሰዓት ሲያቃኑ ኖረው በመጨረሻ ዐይናቸው ደከመ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የምደግምላቸው እኔ ነበርኩ። በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት የላኩኝም ይህ ቀን እንደሚመጣ አውቀው ይመስለኛል። እኔ ስደግም እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉኛል፤ ስሳሳት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያቺ ጉሮሮ መጥረግ ከቁንጥጫ ትብስ ነበር።

የማትሪክ ውጤቴ የመጣው እሳቸው በታመሙበት ክረምት ነው። ነሐሴ ነበር፤ የሰፈራችን ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ሴቶቹ በየጥጉ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ሽታው በዝናቡ ውስጥ እየተንፏቀቀ ቤታችን ድረስ ይገባል። ፍልሰታ ስለነበር የሚጾመውም የማይጾመውም ያንን ሽታ እኩል ይካፈላል። ውጤቴ ለዲፕሎማ ይበቃል፣ ለዲግሪ ግን ለጥቂት ይጎድላል። እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፋርማሲስት እሆናለሁ ስል የኖርኩ ልጅ ነኝ። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ከሌሎቹ ቀድሞ አምስት ኪሎ ላይ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ከተመዘገብኩ አባባን አልጋ ላይ ትቼ ክፍለ ሀገር እሄዳለሁ። ካልተመዘገብኩ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ ማትሪክ እደግማለሁ፤ ከወደቅኩ ሁለቱንም አጣሁ ማለት ነው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትሆኚ፤ ሂጂ ተመዝገቢ» ትለኛለች እናቴ።

«ይቺ ልጅ ለዲፕሎማ አልተፈጠረችም፤ ትድገም!» ይላል አጎቴ።

በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሌላ ቃል የተነገረ አይመስለኝም። ትድገም፣ አትድገም፣ ደግማስ ብትወድቅ። አባባ ብቻ ዝም አሉ። እኔም የምጠብቀው የእሳቸውን አፍ ነበር፤ እሳቸው ያሉትን አደርጋለሁ ብዬ በሆዴ ጨርሼዋለሁ።

የምዝገባው መጨረሻ ቀን ረቡዕ ላይ ዋለ። ጓደኛዬ አልማዝ በማለዳ ሄዳ ሰልፍ ልትይዝልኝ ተስማምተን ነበር። ከመውጣቴ በፊት ለአባባ አጃ ይዤላቸው ገባሁ። ትንሽ ቀመሱና መለሱልኝ። ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ድገሚልኝ።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ መናገር ያደክማቸው ነበር። እኔ ሸክሜ ወረደልኝ። በእኛ ጊዜ አባት ሲያዝ መልሱ «እሺ» ነው፤ መልሶ «ምኑን?» ማለት ድፍረት ነበር። ደግሞስ ምኑን ብዬ ልጠይቅ? በዚያ ቤት የሚደገመው ነገር አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«እሺ አባባ፣ እደግማለሁ» አልኩና ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ዳዊቱ በማኅደሩ እንዳለ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። በአጠገቡ ነው ያለፍኩት፤ ነጠላዬ ሳይነካው አልቀረም።

አምስት ኪሎ ስደርስ አልማዝ ተራችን ደርሶ እጇን ታወናጭፋለች።

«አልመዘገብም፤ አባባ ድገሚ ብለውኛል» አልኳት።

«እንግዲያው እሳቸው ካሉ ምን ይባላል» አለችኝ፤ ብቻዋን ልትሄድ መሆኑን ስታስብ ግን ፊቷ ጠቆረ።

ስመለስ ለአባባ ለስላሳውን አስመርጬ አንድ በቆሎ ገዛሁ። ትኩስ ስለነበር በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩት። ገና ከቅያሳችን ሳልገባ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው በራችን ላይ ተሰብስቧል። ማን እንደደገፈኝ አላስታውስም። በቆሎው ግን እስኪቀዘቅዝ እጄ ላይ ነበር።

«በሩን በሩን ሲያዩ ነበር» አለች እናቴ እያለቀሰች። «‹እደግማለሁ ብላኛለች› አሉ። ሌላ አልተናገሩም።»

በሠልስቱ ቄሱ ድንኳን ውስጥ ቆመው ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጡና ዘወር ዘወር አሉ። «ማነው የሚደግም?» ብለው ጠየቁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሌላው ነገር አንዴም አልመጣብኝም ነበር። የውጤት ሐሳብ ይዞኝ የዚያን ረቡዕ ዳዊት ሳልደግምላቸው መውጣቴ ትዝ አለኝ።

በኋላ እናቴን ለብቻዋ አገኘኋትና ጠየቅኋት። «እማዬ፣ የቱን ነበር ያሉኝ?»

«ፈተናሽን ነው እንጂ! ይህ ምን ጥያቄ አለው» አለችኝ። ይህን ስትል ግን ዐይን ዐይኔን አላየችም።

ማትሪኩን በዓመቱ ደገምኩ፤ ፋርማሲ ገባሁ፤ በዚያው ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የአባትሽ ቃል ነው ያደረሰሽ ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ያንኑ ዳዊት ከፍቼ ስደግም ግን ከኋላዬ ጉሮሮ ሲጠረግ እሰማለሁ። ዞሬ አላይም። ያን ጊዜ በሩን ያዩት ልጄ ትልቅ ቦታ ልትደርስልኝ ነው ብለው ነው፣ ወይስ መጽሐፉን ይዤ እስክቀመጥ እየጠበቁኝ? ሳይጠብቁኝ ከሆነ የሄዱት ደስ ይለኛል። እየጠበቁኝ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የደገምኩት ዳዊት ያቺን አንዲት ጠዋት አይመልስም።

«እቴቴ! የት ሄድሽ?» አለችኝ ሜሮን ክንዴን እየነካች። «ልድገም ወይስ አልድገም?»

«ድገሚ» አልኳት ሳላስበው።

«ምኑን?» አለች፣ ሳቋን አፍና። «ፈተናውን ነው ማኪያቶውን?»

የአራዳ ልጅ ናት፤ ለቀልድ ነው ያለችው። «ምኑን?» የምትለዋን አንዲት ቃል አባቴ ፊት ሳልናገራት ቀርቼ አርጅቻለሁ፤ እሷ እንደዋዛ ጣል አደረገቻት። መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ከተትኩ።

«እንዴ፣ እያለቀስሽ ነው? ምን አልኩ እቴቴ?»

«ምንም አላልሽ» አልኳት። «ደግ አደረግሽ፣ ጠየቅሽ።»