እታለም የመረጠችው አጥር

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ «መርፌዋ» ይላታል፤ ስለ እጇም ስለ ምላሷም ነው። አንዲት ደንበኛ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ ከመጣች፣ «ቀሚሱማ ያው ነው፤ የጨመርሽው አንቺ ነሽ» ብላ ትሸኛታለች። ሴትየዋ ተቆጥታ ትወጣና ሰንበት ብላ ሌላ ጨርቅ ይዛ ትመለሳለች። እንደሷ የሚሰፋ ከየት ይመጣል። እኔ ታናሿ ነኝ፤ እታለም ነው የምላት። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እየጻፈች።

ባሎቻችን ካለፉ በኋላ አንድ ቤት ገባን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊቱ ትንሽ የአትክልት ቦታ፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ። የድሮው የእንጨት አጥር በስብሶ ወድቆ ነበር። ሌባስ ምን ሊወስድ ይመጣል ብለን ተውነው።

መርሳቱ በትንሽ ነገር ጀመራት። አንድ ቀን የሸሚዙን እጅጌ በአንገቱ ቦታ ሰፍታ አገኘኋት። ሳሳያት፣ «እንግዲህ ሰውየው በክንዱ ይተንፍሳ» አለችና ተሳሳቅን። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረ። መውጣት አመጣች። «ደንበኛ ቤት ልኬት ልወስድ ነው» ትልና ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ውልቅ ትላለች። ደንበኛ የምትላት ሴት አፈር ከገባች ቆይታለች። አንዴ ዳቦ ሻጩ ክንዷን ይዞ አመጣልኝ። ሌላ ጊዜ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ማዶ፣ አንድ እግር ጫማዋ ጠፍቶ ተገኘች።

ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ሳያየን አያድርም። ያን ጊዜ ጫማዋን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አክስቴ፣ አንቺንም ጉልበትሽ ከድቶሻል። አንዴ ደግማ ከጠፋች የአረጋውያኑ ቤት አስገባታለሁ። ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

«እኔ እያለሁ?»

«አንቺ እያለሽ አይደል እንዴ የጠፋችው?»

እሱም ወዶ አይደለም።

በር መቆለፍ ሞከርኩ። በመዳፏ እየደበደበች፣ «ክፈቱልኝ፣ ሥራ ረፈደብኝ» ስትል ዋለች። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ማየት ጠላሁ። አጥር ይሁን፣ ግን እስር ቤት የማይመስል፣ ቅጠል ያለው አጥር ይሁን ብዬ ወሰንኩ። መውጫውን በጓሮ በኩል እናደርገዋለን፤ የጓሮውን በር ጭራሽ ረስታዋለች።

ችግኝ ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፤ ጥያትማ አልሄድ። ሻጩ የላስቲክ ቦት የተጫማ ወፍራም፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

«ምን ልስጥዎት እማማ? አጥሩ ለከብት ነው ለሰው?»

«ለሰው።»

«እንዳይገባ ነው እንዳይወጣ?»

«እንዳይወጣ» ስለው ሳቁን ዋጠ። እታለምን አየት አደረጋትና መንገድ መራን።

በርበሪስ የሚሉትን ቁጥቋጦ አሳየኝ። ሁለት ዓይነት ነበረው። አንዱ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ከየቅጠሉ ሥር ሦስት ሦስት እሾህ ያወጣል፤ ሲደርስ ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ያንጠለጥላል። «ይሄን ድመትም አታልፈው» አለኝ። ሌላው አጭር ነው፤ ቅጠሉ ጠቆር ያለ ቀይ። «ይሄ ለመንገድ ዳር ጌጥ ነው። እሾህስ አለው፤ ግን ከጉልበት አያልፍም፣ ማንንም አያቆም።»

ልቤ ረጅሙ ላይ ነበር። ዞር ስል እታለም ከአጫጭሮቹ ፊት ቁጢጥ ብላለች። አንዷን ቅጠል በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ይዛ ታሻታለች፣ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታደርገው።

«ይሄ አይለቅም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቀለሙ ነዋ። ይሄ ይሁን። ያኛው ሸካራ ነው።»

ምን ልሥራልሽ ስላት «እንጃ»፣ የቱን ልልበስ ብላ ራሷ ጠይቃኝ መልሳ «እንጃ» የምትል ሴት ናት። ከስንት ጊዜ በኋላ «ይሄ ይሁን» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ እኔ ማን ነኝና እምቢ እላለሁ። አጭሩን አስጫንኩ።

«እማማ፣ ነግሬዎታለሁ» አለ ሻጩ።

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

ልጇ መጥቶ ሲያየው፣ «አክስቴ፣ ይሄንንማ ዶሮም ትራመደዋለች» ብሎ ቀለደብኝ። «እኛ ቤት ዶሮ የለም» አልኩት። እየሳቀም ቢሆን ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው። ችግኞቹ ጠና ያሉ ስለነበሩ አጠጋግቶ ተከላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ወጣች። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን ሳላደርቅ ተከተልኳት። ከቁጥቋጦው መሀል ቀጥ ብላ ቆማለች። የቀሚሷን ጠርዝ እሾሁ ይዞታል።

«ምን ሆንሽ እታለም?»

«ያዘኝ። ብጎትተው ይተረተራል።»

የተያዘ ክር አይጎተትም፣ ይፈታል፤ ዕድሜ ልኳን ሠልጣኞቿን እጃቸውን እየመታች ያስተማረችው ይህንኑ ነው። የልጇ ስም አንዳንዴ ይጠፋታል፤ ይሄ ግን አልጠፋትም። ተንበርክኬ እሾሁን አንድ በአንድ አላቀቅኩላት። ስጨርስ ወዴት እንደምትሄድ ረስታ ነበር፤ ተከትላኝ ገባች።

እንዲሁ ሆነ ኑሯችን። ትወጣለች፣ ይይዛታል፣ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እፈታታለሁ። ልጇም አንድ ቀን ይህን በዓይኑ አየና ስለ አረጋውያኑ ቤት ማንሳት ተወ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ብርዱ ሲገባ ጉንፋን ጣለኝና የታዘዘልኝን መድኃኒት ውጬ በቀን ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የልጇ ድምፅ ነው፤ ከውጭ። ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ብወጣ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። እታለም ቁጥቋጦው ውስጥ ናት፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቀሚሷን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ልጇ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በእነዚያ መሪ በለመዱ ጣቶቹ እሾህ ይነቅላል።

«ቅደደው እንጂ» አልኩት።

«እንዳትቀደው ብላኛለች።»

እሷም ከላይ ሆና፣ «ቀስ በል አንተ፣ የሰው ልብስ ነው» ትለዋለች።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶች ጃንጥላ ይዘው አልፈዋል። ሰላም ብለዋታል፣ እሷም ደኅና ናችሁ ብላለች። አትክልቷን የምትንከባከብ መስሏቸው ነው።

ልብሷን ቀይረን በብርድ ልብስ ጠቀለልናት። ልጇ እግሯን በመዳፉ እያሸ ሳያየኝ ተናገረ።

«አክስቴ፣ መንገድ ላይ ብትጠፋ ሰው ያገኛታል። ደጃችን ቆማ ስትጠፋስ ማን ይፈልጋታል?»

ከእንግዲህ አልታመምም ልለው ነበር። በኔ ዕድሜ ይሄን ማን ቃል ይገባል። «እንዳልክ አድርግ» አልኩት።

ከዝናቡ የያዛት ሳል ሲተዋት ልጇ ወሰዳት። በጓሮው በር ነው ያወጣናት። ካፖርቷን አልብሼ ቁልፉን እስካንገቷ ቆለፍኩላት። ደንበኛዋ ሩቅ ናት ወይ ብላ ጠየቀችው። «ትንሽ ሩቅ ናት እማዬ» አላትና ቶሎ ብሎ በመኪናው ወዲያኛው በኩል ዞረ።

ያለችበት ቤት ንጹሕ ነው፤ ልዋሽ አልችልም። ምግቡም በሰዓቱ ነው። ግቢው ግንብ አለው፤ በሩ ራሱ ይዘጋል። ጉልበቴ እሺ ሲለኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ሁለት ወንበር አጋጥመው ይሰጡናል። መጀመሪያ ላይ እኔ ነኝ፣ ታናሽሽ ነኝ እያልኩ እታገላት ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። እጄን ትይዝና፣ «እማ፣ በልተሻል?» ትለኛለች።

«በልቻለሁ ልጄ» እላታለሁ።