የአጭሯ ጭላጭ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሚንጠባጠብ ነገር እየሰማ እንቅልፍ ስለማይወስደው ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶ እንኳ ገና ሳይቀመጥ የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል። ሚስት አላገባም። «ማን ያገባኛል፣ እጄ ሁልጊዜ እርጥብ ነው» ይላል። እኛው ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ይኖር ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላም አልሄደም፣ እኔም ሂድ አላልኩትም። ሰው ያውራ። የሰው አፍ ቧንቧ አይደለም፣ ጠብታም አይዘጋው።

ሁለቱ ወንድማማቾች የሚወዱት አንድ ጥቁር ቢራ ነበር። ጠርሙሱ ድንክ ስለሆነ ጠጪው ሁሉ «አጭሯ» ይላት ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና አንዷን ይከፍታሉ። ባሌ ይጎነጫል፣ ለወንድሙ ያቀብላል፣ ወንድሙ ይመልስለታል። ስታልቅ ሁለተኛዋን ይከፍታሉ። «ለየራሳችሁ ብትይዙ ምን አለበት?» ስላቸው ባሌ «ሁለት ከተከፈተ አንዱ ይሞቃል» ይለኛል። ብርጭቆም አቅርቤላቸው ነበር፣ አቧራ ጠጣ። ቀድሞ የሚጎነጨው ሁልጊዜ ታላቁ ነው። ጠብታ በዕድሜው ሙሉ አጭሯን ከወንድሙ ቀድሞ ቀምሷት አያውቅም።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ወንድማማቾቹ ከየሱቁ የተረፈውን ለቃቅመው በቁጠባ ይጠጡ ጀመር። ባሌ አስም ነበረበት። ትንፋሹ ሁለቴ አጠር አጠር ይልና ሦስተኛው ረዘም ብሎ በፉጨት ይወጣል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ የተኛሁት ያንን ፉጨት እየሰማሁ ነው፤ ዝም ካለ እነቃ ነበር።

ባሌ የመጨረሻዋን አጭሯን የከፈተ ቀን፣ ጠብታ ፎቅ ላይ አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ያጠብቅ ነበር።

«ተራህ ነው፣ ና!» አለው ባሌ ከታች።

«መጣሁ ጋሼ፣ ይቺን ልጨርስ!»

ሲወርድ ጋሼው ደረጃው ላይ ጋደም ብሏል። ጠርሙሷን እንደያዘ ነው፣ ግማሿ አልተጠጣም። ሐኪም ቤት ይዘነው ሮጥን፣ አልሆነም። ጠርሙሷን እኔ በጨርቅ ወትፌ ከደረጃው ሥር ባለችው ዕቃ ቤት አስቀመጥኳት። መጣል አቃተኝ።

የሞተ ተጎዳ የሚሉት ጠብታን ስላላዩ ነው። እህል አስጠላው። ሌላ ቢራ ስገዛለት አንዴ ጎንጨት ያደርግና ይተወዋል። አንድ ቀን «እትዬ፣ ራሴ እጠምቃታለሁ» አለኝ።

«አንተ? ሻይ ማፍላት የማትችለው?»

«ዕዳው ገብስ ነው።»

እውነትም ገብስ ነበር። አንድ ጆንያ ገብስ አምጥቶ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ነከረው። ሲበቅል አደረቀው፣ ግማሹን እስኪጠቁር ቆላው፣ ፈጭቶም በትልቅ ድስት አፈላው። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ከሱቅ እርሾ ጋር ጀሪካን ውስጥ ገለበጠው። ክዳኑን በስቶ ቀጭን ጎማ አስገባበትና የጎማውን ጫፍ ውሃ ባለበት የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ነከረ። «ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም» አለኝ። ብልቃጡ ቡልቅ ቡልቅ ሲል እኔም ሳቅኩ፤ ለቤቱ ድምፅ መጣለት ብዬ።

ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው፣ የድሮ የአጭሯ ወዳጅ፣ ቀምሶ «ራሷ ናት!» አለ። ጠብታ ግን ጎንጭቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ነቀነቀ። «የሆነ ነገር ጎድሏታል።» እንደገና ጠመቀ። እንደገና ጎደላት። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት።

«ያቺን ጠርሙስ ስጪኝ» አለኝ በመጨረሻ። «የፋብሪካው እርሾ ከሥሯ ዘቅጧል። የጎደለኝ እሱ ነው።»

ሆዴ እሺ አላለም። ግን ሰውዬው ዓይኔ እያየ እያለቀ ነው፤ አውጥቼ ሰጠሁት። የቀረውን ቢራ ከነጭላጩ አራግፎ አዲሱ ጥንስስ ላይ ጨመረው። ሁለታችንም የሳትነው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሷ ውስጥ የቀረው የፋብሪካው እርሾ ብቻ አልነበረም። የባሌ አፍም ነበረበት።

በማግስቱ ወለል ስወለውል ጀሪካኑ ካለበት ዕቃ ቤት ድምፅ ሰማሁ። ብልቃጡ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ቡልቅ አለና ሦስተኛው ረዘም ብሎ በፉጨት ወጣ። መወልወያው ከእጄ ወደቀ። ጠብታ ቀድሞኝ ሰምቶ ኖሮ በሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ሰማሽው?» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። እኔ ፈራሁ። ደስም አለኝ፣ ምን ይደበቃል።

ቢራው ሲደርስ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ቆርኪ መታበት። ስናወጣው እያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ጉንጭ ያህል ጎድሎ አገኘነው፣ ቆርኪው ሳይነካ። ጠብታ አልደነገጠም። «ጋሼ ቀምሶልኛል» ብሎ ጠጣና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ይኸው ነው እትዬ። ይኸው ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሥራ ቀረ። ወንበሩን ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተክሎ ይውላል። ከአንዱ ጥንስስ አተላ ሌላውን ይጠነስሳል፤ ፉጨቱ እንዳይቋረጥ። ጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሲጠሩት «ነገ» ይላል። እኔም፣ ልናገረው፣ ድንች እየላጥኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደተቀመጥን ፉጨቱን ሁለት ቦታ ሰማሁት። አንዱ ከብልቃጡ ነው፤ ሌላው ከጠብታ ደረት። አብረው ያጥራሉ፣ አብረው ይረዝማሉ። አስም ነክቶት የማያውቅ ሰው! ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ «ሳንባው ንጹሕ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ደረጃውን መውጣት አቃተውና ባሌ ጋደም ያለበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

«ደከመኝ እትዬ። ትንሽ ጋደም ልበል።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባሌ አሁንም «ተራህ ነው፣ ና» እያለው ነው። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛውን አልቀብርም። ጫማ ሰፊውን ለምኜ ጠብታን «አየር ይቀበል» ብዬ ደጅ አስወጣሁት። ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁ። ቀጥዬ ጀሪካኑን ጎትቼ አመጣሁት። ሳዘነብለው ትንፋሹ ተጣደፈ፣ ልክ ባሌ የሞተ ቀን እንደሆነው። «በቃ፣ በቃ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» እያልኩ አፈሰስኩት። እንባዬ ነው ያስቸገረኝ። ከሥሩ ጭላጭ ስትቀር ግን አቃተኝ። ብቻውን ወደ ፍሳሽ እንዴት ልሸኘው? ጠጣኋት። ጣዕሟ ባሌ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲሄድ የሚስመኝን አሳሳም አስታወሰኝ።

ጠብታ ሲመለስ ባዶውን ጀሪካን አየ።

«ደፋሽው?»

«ደፋሁት።»

ይጮኻል ብዬ ነበር። ከበሩ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፉጨት የለበትም። «እትዬ፣ የሚበላ አለ?» አለኝ።

አሁን ደህና ነው። ሥራ ገብቷል፣ ቀበቶውም ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሷል። ያገኘውን ቢራ ሳያማርጥ ይጠጣል። ዕቃ ሳጥብ ግን የፍሳሹ ቧንቧ ይተነፍሳል። ሁለቴ አጠር አጠር፣ ከዚያ ረዘም። ጠብታ እንዲያየው አስፈታሁት። «ምንም የለውም፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። ውሃ ሲንጠባጠብ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ይህን አይሰማም።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ቆምኩ። ጠብታ ከላይ ብቅ ብሎ አየኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ፉጨት…»

«ጉንፋን ነው» አልኩት። ተራው የኔ መሆኑን አልነገርኩትም።