በቅንፍ የቀሩ ሁለት ቃላት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከዕቃ ቤት አሮጌ የካርቦን ወረቀት አግኝታ አመጣችልኝ። ያ የቀለምና የቅባት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ በሐሳብ ወደ ሆሳዕና ከተማ ተመለስኩ፤ በደርግ ጊዜ፣ ዝናቡ የጽሕፈት ቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው።

ታይፕ መቺ ነበርኩ። ኃላፊዬ ረቂቁን በእጁ ይጽፍልኛል፤ በቅንፍ ያስገባው ለእኔ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። «(ይሰመርበት)»፣ «(አዲስ መስመር)»። በገባሁ ሳምንት «ይሰመርበት» የሚለውን ራሱን መትቼ ብሰጠው፣ «ቅንፍ ውስጥ ያለ አይመታም! ስንቴ ልንገርሽ?» ብሎ ወረቀቱን ቀደደብኝ።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ከአንጋጫ መጡ። ልጃቸው ለውትድርና ተወስዶ ገና ማሠልጠኛ ነበር። ኃላፊው አዘነላቸውና ለማሠልጠኛው የድጋፍ ደብዳቤ አረቀቀ፦ «ልጃቸው (ሌላ የላቸውም) እንዲሰናበትላቸው...» እኔም እንደታዘዝኩት ቅንፉን ዘልዬ መታሁ። እሱም ሳያነብ ፈረመ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው ተመለሰ። ሌላ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው አልተገለጸም ይላል።

«ሌላ የለኝም ብዬ አልነገርኩም?» አሉ መልሱን ሊሰሙ የመጡት እናትየው።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «የታለ ቃሉ?»

«ቅንፍ ውስጥ ነበራ! አይመታም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ይሄ እኮ የደብዳቤው ነው!»

«ታዲያ በምን ልለየው?»

በመጨረሻ ተስማማን፤ የሚመታ ቅንፍ ሲሆን ከፊቱ ትንሽ መስቀል ያደርግበታል። እንደገና ጻፈ። እኔ ደግሞ በብስጭቴ መስቀሉንም አብሬ መታሁት! «መስቀሉ ላንቺ ነው፣ ላንቺ!» ብሎ ቀደደው። ሦስተኛው ብቻ ንጹሕ ወጣ። ዛሬም ቢሆን ከሁለታችን ማን እንዳጠፋ መፍረድ አቅቶኛል።

መልሱ ሲመጣ «ልጁ ወደ ግንባር ሄዷል» ይላል። ለእናቱ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። መደበቅ አልሆነልኝም፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ቃላቸውን የዘለልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። የነጠላቸውን ጥለት ማፍተልተል ጀመሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«እናት አለሽ?» አሉኝ።

«አለችኝ። ዱራሜ።»

«ካየሻት ስንት ጊዜሽ ነው?»

ወደ ታይፑ ዞሬ ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ።

ልጁ ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እናትየው ግን ከወንበሩ ሲነሱ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ፤ እጃቸው ከዝናቡ የተነሳ ቀዝቅዞ ነበር።

«ቅዳሜ ሂጂ» አሉኝ፤ «ዓይንሽን ትየው።»