የሀኒፋ ቢጫ ቶብ

አሚና ከወሎ ድንበር ተሻግራ መጥታ፣ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር የሰው ቤት ስታጸዳ ዓመታት ያስቆጠረች ሳቂታና አፈኛ ሴት ናት። ዴም በሚባለው የድሆች ሰፈር የእሷንና የእኔን ክፍል የምትለየው አንዲት ስስ ግድግዳ ነበረች። “ጸሐይወርቅ፣ የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው?” እያለች ስታበሽቀኝ ትውላለች። አብራት የምትኖረው ያገሯ ልጅ ሀኒፋ ነበረች፣ ከትንሿ ልጇ ከሉጥፊያ ጋር።

ዳቦ በሰልፍ በሆነበት ዓመት ሐኪም ሉጥፊያን አይቶ፣ “ደሟ አንሷል፤ ቅጠላ ቅጠል ካልበላች አትተርፍም” አለ። ደግነቱ አንድ የሴቶች ማኅበር ትንንሽ ልጆች ላሏቸው እናቶች የዓመቱን ኩፖን በአንድ ጥራዝ ያድል ነበር። ኩፖኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቱቲ ደሴት ገበሬዎች አትክልት ይገዛል፤ ሌላ ነገር አይገዛም። እናት ራሷ ገበያው መምጣት አለባት፤ እናት ከሞተች ኩፖኑም ይቆማል። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

ሀኒፋ በዚያው ዓመት፣ አቧራው ሰማዩን ባቀላበት ሰሞን፣ ስትስል ከርማ ሞተች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሚና የሟቿን ቢጫ ቶብ፣ ያን ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉትን ረጅም ጨርቅ፣ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወጣች።

“ወዴት ነው?” አልኳት።

“ገበያ ነዋ! ልጅቷ ትብላ እንጂ። ሐጃ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው የሚለዩት በቶብ ነው። ያላ፣ ዘንቢሉን ያዢልኝ።”

ሐጃ ከቱቲ ሙሉኪያ የሚሉትን ቅጠልና ባሚያ የሚያመጡ አሮጊት ናቸው። አሚና ፊታቸው ቆማ የሀኒፋን ሳል ሳለች። “ሀኒፋ ልጄ፣ ሳሉ አልተወሽም?” ብለው ቅጠሉን አሸከሟት። መንገድ ላይ እስክንወድቅ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ለገበያ ብቻ የነበረው ሳል ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ጀመር። ቶቡን እቤትም አታወልቀውም። ባሚያ ስትገዛ ጫፉን ሰበር እያደረገች ትመርጣለች፤ ይህ የሀኒፋ አመል ነው፤ አሚና እኮ ባሚያ ማየት እንኳ ትጸየፍ ነበር። ሉጥፊያ ጉንጯ ሞላ፤ “እማ” ትላታለች። እኔ “አሚና!” ብዬ ስጠራት ግን መዞር ተወች። ፈራኋት።

አንድ ቅዳሜ ሐጃ ኩፖኑን ተቀብለው፣

“ያ ሀኒፋ፣ ያቺ ሳቂታ ጓደኛሽ አሚና የት ጠፋች?” አሉ።

አገሯ ገባች ማለት ትችል ነበር። ሥራ በዛባት ማለትም ትችል ነበር።

“ሞተች፣ ያ ሐጃ።”

አሮጊቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከዚያ አንድ እስር ሙሉኪያ ዘንቢላችን ላይ ጨመሩ። “ይህ የእኔ ነው፤ ለነፍሷ ሰደቃ አውጪላት” አሉ።

“ምን ነካሽ? በራስሽ ታሟርቻለሽ?” አልኳት ስንመለስ።

“ለልጅቷ የሚያስፈልጋት እናቷ ናት” አለችኝ። ድምፁ የአሚና አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ቢጫ ቶቧን እንደተከናነበች የሚጨስ ሙሉኪያ በሳህን ይዛ ቆማለች፤ ሉጥፊያ የቶቡን ጫፍ ጨብጣ ታየኛለች።

“ሥጋ የለበትም፣ ትበያለሽ” አለችኝ። “የአሚና ሰደቃ ነው።”

በልጅቷ ፊት ምን ልበል? ሳህኑን ተቀበልኳት።

“ነፍስ ይማር” አልኩ።

“አሚን” አለች፣ እየሳለች።