ማዶ ሆነን የምናሳያቸው ዳቦ

አክስቴ ትምህርት በሚከፈትበት ማለዳ ለእኔና ለሦስቱ ልጆቻቸው የወፍ ቅርጽ ያለው ትንንሽ ዳቦ ይጋግሩልን ነበር። "ሳትሻገሩ እንዳትበሉ፤ ማዶ ስትደርሱ ከፍ አድርጋችሁ አሳዩኝ" ይሉናል። ትምህርት ቤታችን ከሰበታ ወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ በመስከረም ገና ሙሉ ስለሆነ በተጋደመ ግንድ ላይ እንሻገራለን። ማዶ ሸንበቆ ስለሚሸፍነን፣ መሻገራችንን የሚያውቁት ዳቦውን ቆጥረው ነበር።

ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ዳቦዬን መንገድ ላይ በላሁት። አፍሬ እጄን አላነሳሁም። አክስቴ ሦስት ዳቦ ብቻ ሲያዩ ከነልብሳቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። "እትዬ፣ አለሁ፤ በልቼው ነው" ብዬ ብጮህም ውሃው ድምፄን ዋጠው። እስከ ደረታቸው ሲሰምጡ አየሁ።

አንድ ገበሬ ዱላ አስይዞ ወደ እኛ ዳር አወጣቸው። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ "ለመሆኑ ጣፈጠሽ?" አሉኝ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ፤ አክስቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ከቀብሩ ተመልሼ ቤቴ ስገባ፣ በሰላም መድረሴን የምነግረው ሰው እንደሌለኝ ገባኝ።