«አበባ አይተሻል?»

ዛሬ ጠዋት፣ ቡራዩ በተከራየሁት ቤት በቀለም ጣሳ የተከልኩት ጤና አዳም ቅጠሉ ቢጫ ቢሆንብኝ ነቀልኩት። የበሰበሰው ሥር ሲሸተኝ የልጅነቴ ንዴት ግንፍል አለብኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሰበታ አክስቴ ቤት ነው ያደግሁት። የጓሮዋ ጤና አዳም ቢጫ ሲሆን አክስቴ ጎረቤቶቿ ፊት አቆመችኝና «ነክተሽዋል አይደል? አበባ አይተሻል?» አለችኝ።

ጤና አዳሙ ጥቃቅን አበባ አውጥቶ ስለነበር «አዎ፣ ብዙ!» አልኳት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ጓሮ ዝር እንዳልል ተከለከልኩ። የጠየቀችኝ ስለ ወር አበባ እንደነበር፣ ደም ያየች ሴት ከነካችው ይደርቃል ብላ እንደምታምን የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እኮ ነኝ!

ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ግን ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው አሸተቱት። «ቢሻን! ውሃ ነው የጎዳው። አንቺ በየቀኑ የልብስ እጣቢ እየደፋሽበት ልጅቷን ምን አድርጊ ትያታለሽ? ዙሪያውን ኮትኩቺለት፣ ውሃውንም ተይው» አሏት።

አክስቴ እጣቢውን ሌላ ቦታ መድፋት ጀመረች፤ ጤና አዳሙም አገገመ። እኔን ግን «ለማንኛውም አትንኪው» አለችኝ። ለማንኛውም!

አሁን ውሃ እንዳይተኛበት የጣሳውን ቂጥ በምስማር በሳሁት። አዲሱን ችግኝ እንድትተክለው የጠራኋት ልጄን ነው። ትናንት አበባ አይታለች።